ትርፍ ቃላትን ከልብ ወለድ ረቂቅ ላይ መልቀም፦ ደረጃ በደረጃ

የአማርኛ ግስ ብዙ ይሸከማል። «መጣችልን» ስንል የመጣችው ሴት መሆኗን፣ አንዲት መሆኗን፣ መምጣቷ ያለፈ መሆኑንና ለእኛም የሚበጅ መሆኑን በአንድ ቃል ተናግረን ጨርሰናል። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ትርፍ የሚሆነው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ግሱ የተናገረውን መልሶ የሚናገር ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ የምንሠራው ሥራ «መጥፎ ቃላት» የሚል መዝገብ ይዞ ማሳደድ አይደለም። «በጣም» መጥፎ ቃል አይደለም፤ «ነበር»ም አይደለም። ለእያንዳንዱ ቃል የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ አንተ የምትለውን ግሱ አስቀድሞ ብሎት የለም ወይ?

ሥራው አጭር ልብ ወለድ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል። ረጅም ልብ ወለድ ላይ ግን ምዕራፍ በምዕራፍ መሄድ ይሻላል፤ ዐይን ሲደክም ትርፍ ቃል ሁሉ ትክክል መስሎ ይታያል።

አንደኛ፦ ረቂቁን ጨርሱ፣ ከዚያ ከእሱ ራቁ

እየጻፉ መልቀም የሚባል ነገር አይሠራም። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ከዚያም»፣ «በድንገት»፣ «ጀመረ» የሚሉት ቃላት ጸሐፊው ቀጥሎ የሚመጣውን እስኪያይ ድረስ የሚተነፍስባቸው ቦታዎች ናቸው። እዚያው ቆማችሁ እነሱን ብትነቅሉ ታሪኩም አብሮ ይቆማል። ጨርሱና አስቀምጡት። ሁለት ሳምንት ጥሩ ነው፤ ባይመች ሌላ ነገር የምትጽፉበት ጥቂት ቀን ይለፍ። ወደ ረቂቁ ስትመለሱ መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ በሌላ ስም አስቀምጡ። የምትቆርጡት ነገር ሁሉ መመለሻ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛ፦ የራሳችሁን ዝርዝር አውጡ

የእያንዳንዱ ጸሐፊ ትርፍ ቃል የየራሱ ነው። አንዱ በየገጹ «ደግሞ» ይላል፤ ሌላዋ ገጸ ባሕርያቷን ሁሉ በረጅሙ ታስተነፍሳለች። የሌላ ሰው ዝርዝር ይዛችሁ ረቂቃችሁን ብታስሱ ዋናውን ታልፉታላችሁ።

ከረቂቁ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሦስት ሦስት ገጽ አትሙ። ከመካከሉ መውሰድን አትርሱ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ታርሟል፣ ልማዳችሁ ራቁቱን የሚታየው መሐል ላይ ነው። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የአማርኛ አንባቢ ልብ ወለድን በሬዲዮ ትረካ ጭምር ሲሰማ የኖረ ነው፤ ጆሮው የሠለጠነ ነው። የእናንተም ጆሮ እንደዚያው ነው፣ ስሙት። ምላሳችሁ የሚቸኩልበትና ልትዘሉት የምትፈልጉት ቃል ላይ በእርሳስ አክብቡ። ዘጠኙን ገጽ ስትጨርሱ ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑ ቃላት ደጋግመው ተከብበው ታገኛላችሁ። ዝርዝራችሁ እሱ ነው።

ሦስተኛ፦ በኮምፒውተር ፈልጉ፣ ግን የፊደላችንን ጠባይ አውቃችሁ

ኮንትሮልና ኤፍን ተጭኖ ቃል መፈለግ ቀላል ይመስላል። በአማርኛ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የጽሑፍ አርትዖት መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ስለማያነሡት እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ ፋይሉ በዩኒኮድ የተጻፈ መሆኑን አረጋግጡ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ረቂቅ ካላችሁ ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ዛሬ የምትጽፉት ቃል ከውስጡ አይገኝም። እንዲህ ያለውን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ግድ ነው።

ቀጥሎ አራት ነጥቡን አስተካክሉ። ብዙ ሰው «።» የሚለውን አንድ ምልክት ሳይጠቀም ሁለት ነጥቡን ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ «፡፡» ማለት ነው። ለዐይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። ሁሉንም ወደ «።» ለውጡ። ይህን ስታደርጉ አንድ ትልቅ መሣሪያ ታገኛላችሁ፦ «ነበር።» ብላችሁ ከነአራት ነጥቡ ስትፈልጉ በ«ነበር» የሚያልቁ ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ ተሰልፈው ይወጣሉ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ አራት ወይም አምስት ከመጡ እዚያ አንቀጽ ላይ ሥራ አለ።

ፊደላችን ከአናባቢው ጋር ስለሚለዋወጥ ሙሉ ቃል ከመፈለግ የማይለወጡትን ፊደላት መፈለግ ይሻላል። «ጀመረ» ብትሉ «ጀመርኩ» እና «ጀመሩ» ያመልጧችኋል፤ «ጀመ» ብትሉ ሁሉም ይመጣሉ፣ «ያለቅስ ጀመር» የሚለው ጭምር። «ነበ» ብትሉ «ነበር»ም «ነበረች»ም «ነበሩ»ም ይገኛሉ። ሞክሼ ፊደላትንም አስቡ። «ዓይን»፣ «አይን»፣ «ዐይን» በአንድ ረቂቅ ውስጥ ሦስቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ «ኃይል»ም እንደዚያው። «እሱ» ያላችሁ መስሏችሁ «እርሱ» እያላችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እያንዳንዱን ለየብቻ ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አታድርጉ፦ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቅማችሁ ቃል አታጥፉ። «በጣም»ን በጅምላ ብታጠፉ «በጣምራ» የሚለው ቃል «ራ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ልክ»ን ብታጠፉ «መልክ» እና «ምልክት» ይቆራረጣሉ። ፈልጉ፣ ቀለም ቀቡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወስኑ።

ኮምፒውተር ለይቶ የማያገኘውም አለ። በየቃሉ ጫፍ የምትለጠፈው «ም»፦ «እሷም ተነሳች። በሩንም ከፈተች። ወጣችም።» ይህቺን በዐይን ካልሆነ በሌላ መንገድ አትለዩዋትም።

አራተኛ፦ ግሱን ጠይቁ

ቀለም የቀባችሁት እያንዳንዱ ቃል ላይ ቁሙ፣ በጣታችሁ ሸፍኑት፣ ያለ እሱ አንብቡ። ትርጉሙ ካልጎደለ ይውጣ። ከጎደለም ቆይታችሁ ግሱን ተመልከቱ፦ የጎደለውን የሚሸከም ሌላ ግስ ሊኖር ይችላል። በአማርኛ ልብ ወለድ ላይ ደጋግሜ የማያቸውን እነሆ።

ከተውላጠ ስሞቹ ልጀምር። «እሷ ቦርሳዋን አነሳች። እሷ ወደ በሩ ሄደች። የእሷ እጅ ተንቀጠቀጠ።» አማርኛ እንዲህ አይናገርም። በየቀኑ በእንግሊዝኛ የሚያነብና የሚሠራ ጸሐፊ፣ አዲስ አበባም ይኑር ዋሺንግተን፣ ሳያውቀው ወደዚህ ያዘነብላል። «ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። እጇ ተንቀጠቀጠ።» ባለቤቷ ግሱ ውስጥም ስሙ ውስጥም አለች። «እሷ» እና «እሱ» የሚያስፈልጉት ሁለት ሰዎች ሲነጻጸሩ ነው፦ «እሷ ሄደች፤ እሱ ቀረ።» እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ብቻ ስታስቀምጧቸው ጉልበታቸው ይመለሳል።

«ጀመረ» ሌላው ነው። «ማልቀስ ጀመረች»፣ «መሮጥ ጀመረ»፣ «ዝናቡ መዝነብ ጀመረ»። ለቅሶው መሐል ላይ ካልተቋረጠ ወይም የተጀመረበት ቅጽበት ራሱ ነገር ከሌለው «አለቀሰች» በቂ ነው። «ይበላ ጀመር» ለማለት የበቃ ጸሐፊ ደግሞ ቀጥሎ አንድ የሚያቋርጠው ነገር ማምጣት አለበት፤ አንባቢ እየጠበቀ ነውና።

«በጣም»፣ «እጅግ»፣ «እጅግ በጣም»። እዚህ ላይ አማርኛ ሀብታም ስለሆነ በ«በጣም» መኖር ያሳዝነኛል። በጣም ሳቀ ከማለት ተንከተከተ፤ በጣም አለቀሰች ከማለት ተንሰቀሰቀች፤ በጣም ቀስ ብሎ ሄደ ከማለት አዘገመ አለልን። ግሱ ራሱን ደግሞ የሚያጠነክርበት መንገድም አለው፦ ሰበረና ሰባበረ፣ ቆረጠና ቆራረጠ። ግን መጠን ይኑረው። በአንድ ምዕራፍ ሦስት ሰው ከተንከተከተ «በጣም ሳቀ» የሚለውን ባስቀረንበት ቦታ ሌላ ልማድ ተክለናል። ብዙ ጊዜ «ሳቀ» ብቻ ይበቃል።

«ነበር» ረጅም ንግግር ይገባዋል። ብዙው ሰው የሚደነቃቀፍበት ቦታ ሲገለጽ ነው፦ «ቤቱ ሰፊ ነበር። ግድግዳው በጭቃ የተለሰነ ነበር። ጥግ ላይ አንድ አልጋ ነበር። አልጋው ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተው ነበር።» አራት ጊዜ ያንኑ በር ዘጋን። የአማርኛ ትረካ ጊዜውን አንድ ጊዜ ካስያዘ በኋላ ወደ ቅርቡ አነጋገር መሻገር ይፈቅዳል፦ «ቤቱ ሰፊ፣ ግድግዳው በጭቃ የተለሰነ ነበር። ጥግ ካለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል።» አንዱ «ነበር» ለሁሉም በቅቷል፤ «ተኝተዋል» ደግሞ ሽማግሌውን ዐይናችን ሥር አምጥቷቸዋል። ሌላው መውጫ ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ አዝዞ እያሉ ድርጊቶችን ማያያዝ። ይህ የቋንቋችን ተፈጥሯዊ አረማመድ ነው፤ ነገር ግን አምስት ቦዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲሰለፉ አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋበታል። ሁለት ሦስት ሲሆን ጥሩ ነው።

ከዜና ቋንቋ ሾልኮ የገባም አለ፦ «በመብላት ላይ ይገኝ ነበር»፣ «ጥሪ አደረገላት»፣ «በሚያሳዝን ሁኔታ»፣ «ባልተጠበቀ መልኩ»። ይበላ ነበር፤ ጠራት። «በሚያሳዝን ሁኔታ» የሚለው ግን የሚተካውም የለው፤ ነገሩ የሚያሳዝን ከሆነ አንባቢው ራሱ ያዝናል። «ሁኔታ» የሚለውን ቃል ብቻ ፈልጋችሁ ረቂቃችሁ ላይ ስንት ጊዜ እንደመጣ ተመልከቱ፤ ልብ ወለድ ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ሊወጣ ይችላል።

የ«አየች»፣ «ሰማ»፣ «ተሰማው»፣ «አሰበች» ጉዳይ ታሪኩን በማን ዐይን እንደምናይ ከመወሰን ጋር የተያያዘ ነው። አንዴ በአንዲት ገጸ ባሕርይ፣ አስካለ እንበላት፣ ዐይን እያየን ከሆነ «ሰው እንደቆመ አየች» ማለት አያስፈልግም፤ «ሰው ቆሟል» ይበቃል። «በልቧ አሰበች» ላይ ደግሞ ሁለቱም ይወጣሉ። እንዲሁም «ወደ ውስጥ ገባ»፣ «ወደ ላይ ወጣ»፣ «ወደ ታች ወረደ»፦ አቅጣጫው ግሱ ውስጥ አለ። «በዐይኔ በብረቱ አየሁት» የሚል ምስክር ቢመጣ ግን እንዳትነኩት፤ እዚያ ላይ ሰውየው እየማለ ነው።

«በድንገት» እና «ከመቅጽበት» ላይ ብዙ አልቆይም። ድንገተኛውን ነገር ሳታስጠነቅቁ አምጡት።

ከቃል ይልቅ እንቅስቃሴ የሚደጋገምበትም አለ፦ ፈገግ አለ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ትክ ብሎ አያት። እነዚህ በንግግር መሐል ፋታ ለመስጠት ይገባሉ። ፋታው ያስፈልጋል፤ ግን ከቦታው ይምጣ። ሁለት ሴቶች ቡና ላይ እያወሩ ከሆነ አንዷ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ ታንሳ፣ ወይም ስኒዋን ሳትጨርስ ረከቦቱ ላይ ትመልሰው። ሳትጨርስ መመለሷ ከንፈር ከመንከስ የበለጠ ይናገራል።

እዚሁ ላይ «አለ»ን ተጠንቀቁ። በአማርኛ ቀና አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ፣ ክው አለ እንላለን፤ ንግግርንም በ«አለ» እንዘጋለን። «ፈገግ አለና ‹ግቢ› አለ። ቀስ አለች። ‹አልገባም› አለች።» ሁለቱ «አለ» ሲጋጩ ገጹ ይንኳኳል። የንግግሩን «አለ» ተዉት፤ እሱ ለአንባቢ አይታይም፣ «ሲል ተናገረ» እና «በማለት ጠየቀች» ከሚሉት እጅግ ይሻላል። የሚለወጠው ሌላኛው ነው።

አምስተኛ፦ አንድ አንቀጽ በቅርብ

ለዚህ መመሪያ ያዘጋጀሁት ረቂቅ ይኸው፦

«አስካለ በጣም ደንግጣ ነበር። እሷም ከተቀመጠችበት ወንበር ላይ በፍጥነት ብድግ ብላ ተነሳችና ወደ መስኮቱ በመሄድ ወደ ውጭ መመልከት ጀመረች። በዚያን ጊዜም አንድ የሆነ ሰው የግቢው በር ላይ ቆሞ እንዳለ አየች። የእሷም ልብ በኃይል መምታት ጀመረ። ምናልባት ልጄ ሊሆን ይችላል ብላ በልቧ አሰበች። ሰውየው በሚገርም ሁኔታ ልክ እንደ ልጇ ዓይነት አቋቋም ነበረው።»

51 ቃል ነው። ሰዋስዉ ላይ ስሕተት የለበትም፤ ብዙ የታተሙ ገጾች እንዲህ ያሉ ናቸው። አሁን እንጠይቀው። «ብድግ ብላ» ሲል ፍጥነቱም መነሳቱም ተነግሯል፤ ስለዚህ «በፍጥነት» እና «ተነሳች» ወጡ። ከተነሳች ተቀምጣ ነበር፤ ወንበሩም ወጣ። ወደ መስኮት የሄደ ሰው ወደ ውጭ ነው የሚያየው። ድንጋጤዋን ደግሞ ብድግ ማለቷ አሳይቶናል። «አንድ የሆነ» ራሱን ደጋግሟል። ልቧ የሚመታው የእያንዳንዱ ልብ ወለድ ሴት ልብ እንደሚመታው ነው፤ ስለ አስካለ የሚናገረው የለም። «የልጇ ዓይነት አቋቋም» የሚለው ግን የአንቀጹ ዋና ነገር ነው፣ ሆኖም እንዴት እንደሚቆም አልነገረንም። ከትርፉ ያገኘነውን ቦታ እዚያ ላይ እናውለው፦

«አስካለ ብድግ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። የግቢው በር ላይ ሰው ቆሟል። ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ጥሎ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ፣ ልክ እንደ ልጇ። መጋረጃውን ለቀቀችው። እንደገና ገለጠችው። ልጄ ይሆን?»

30 ቃል። «ልክ» አልወጣም፤ ዝርዝሬ ላይ ያለ ቃል ቢሆንም እዚህ ላይ የእናቲቱን እርግጠኝነት ይዟል፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ጥርጣሬ መነሻ ነው። «ምናልባት» እና «ሊሆን ይችላል» በ«ይሆን?» አንድ ቃል ተጠቃለሉ። መጋረጃው አዲስ ነው። ትርፍ ቃል መልቀም ጽሑፍን ማሳጠር ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው ይህን የሚከፍተውን ቦታ ነው።

ስድስተኛ፦ ንግግሩን ተዉት፣ ወይም ለየብቻ መርምሩት

ገጸ ባሕርያት ሲናገሩ ሕጉ ይለወጣል። «ነገርኩህ» እና «ነገርኩህ እኮ» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ውስጥ ቅሬታ አለ። «ምን ላድርግ?» እና «ታዲያ ምን ላድርግ?» የሚሉት ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ይፈልጋሉ። «እንግዲህ»፣ «እንዴ»፣ «ማለቴ» የሰው ድምፅ ናቸው። እነዚህን ከንግግር ውስጥ ጠርጋችሁ ብታወጡ ሰዎቻችሁ ደብዳቤ የሚያነቡ ይመስላሉ።

ችግር የሚሆነው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሲናገር ነው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን ስጡ። ጎረቤቷ አዛውንት «እንዲያው» ይበሉ፤ የቢሮ ኃላፊው «በመሠረቱ» ይበል፤ ልጅቷ ምንም አትበል፣ በአጭሩ ትመልስ። ከዚያ የተናጋሪዎቹን ስም በወረቀት ሸፍናችሁ ንግግሩን ብቻ አንብቡ። ማን እንደተናገረ መለየት ካቃታችሁ ቃላቱ ተደበላልቀዋል፤ አከፋፍሏቸው።

በአንደኛ መደብ የሚተረክ ታሪክም ከዚህ ይቆጠራል። ተራኪዋ ራሷ ደጋግማ «ታዲያ» የምትል ሴት ከሆነች ትረካው ሁሉ ንግግር ነው። እንዲያም ሆኖ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ብታቆዩ አንባቢ ጠባይዋን ይይዘዋል፤ ሁሉንም መስማት አያስፈልገውም።

ሰባተኛ፦ የት እንደምታቆሙ እወቁ

መልቀም ሲጣፍጥ ይበዛል። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ከአራት ቃል የማይበልጥ ከሆነ፣ «ና» እና «እና» ጠፍተው ነገሩ የሚንተባተብ ከመሰለ ከልክ አልፋችኋል። አማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይችላል፤ ግሱን እስከ መጨረሻው አቆይቶ አንባቢውን ማስጠበቅ ከውበቶቹ አንዱ ነው። አንዳንድ ቃል ለትርጉም ባይሆን ለትንፋሽ ይቀመጣል፣ እሱም ሥራ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ፈተና እንደገና ጆሮ ነው። የታረመውን ምዕራፍ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ለምኑ፤ እናንተ አታንብቡ፣ የምታውቁትን ዜማ ትጨምሩበታላችሁና። እርሳስ ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። የተደናቀፈበት ላይ ምልክት አድርጉ፣ ግን መሐል ላይ አታስቁሙት። ትንፋሽ ያጠረው ቦታ ላይ ያወጣችሁት ቃል ይኖር እንደሆነ ከድሮው ቅጂ ጋር አስተያዩ፤ ካለ መልሱት። የቸኮለበትና ቃል የዋጠበት ቦታ ላይ ደግሞ ገና ያልተለቀመ አለ። ሁለቱንም አርማችሁ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እለፉ።